ጨብጥ የያዘህ ሲመስልህ የቱ በር ይሻላል? መድኃኒት ቤት፣ የግል ክሊኒክ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ የባህል መድኃኒት

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሰራው። ባንኮኒው ጀርባ ስቆም ብዙ ዓመት ስለሆነኝ አንዳንዱ ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ ገና ከበሩ ሲገባ ይገባኛል። ሌላው ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል፣ የማይገዛውን የጥርስ ሳሙና እያነሳ ያያል፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠጋ ይልና «ወንድሜ፣ ሽንት ሲያቃጥል የሚሆን ጠንከር ያለ ነገር የለህም?» ይለኛል። መጀመሪያ አብሽር ነው የምለው፣ ፊቱ ላይ ያለውን ፍርሀት ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ከዛ ግን የሚጠብቀውን ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን ፀረ ተህዋሲ ክኒን) አልሰጠውም፣ ላወራው ነው የምሞክረው፣ ወሬው ሳያልቅ ደሞ ሌላ ሰው ይገባል፣ እሱ አፍሮ ይወጣል፣ ሁለት ሱቅ አልፎ ሌላ ቦታ ይገዛዋል። እዛ ሳልጨርሰው የቀረውን ወሬ ነው አሁን የምፅፈው፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ማንም ሳያያችሁ አንብቡት።

ወሎ ውስጥ ያለ ሰው ይሄ ነገር ሲጀምረው አራት በር አለው። እንደኔ ያለው መድኃኒት ቤት አለ፣ የግል ክሊኒክ አለ፣ ጤና ጣቢያ (ወይ ሆስፒታል) አለ፣ የባህል መድኃኒት አዋቂም አለ። አራቱም ጋ «እናድንሃለን» የሚል ሰው ይገኛል። እኔ መድኃኒት ሻጭ ሆኜ የምላችሁ ግን ለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ እኔ ጋ አትምጡ ነው፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

ምኑ ነው የያዘኝ?

ጨብጥ ባክቴሪያ ነው፣ በፈረንጆቹ 1879 አልበርት ናይሰር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው በማይክሮስኮፕ ያገኘው፣ ሳይንሳዊ ስሙም እስከዛሬ በሱ ነው የሚጠራው። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናት አይመጣም፣ ጨረቃ ላይ በመሽናትም አይመጣም፣ ምችም አይደለም። ይሄን የምለው ትልልቆቻችንን ለመናቅ አይደለም፣ በዘመናቸው ባዩት ነው የተናገሩት። ችግሩ ግን ድንጋይ ነው ያመጣብኝ ብሎ ያመነ ሰው ራሱን ብቻ አሳክሞ ሚስቱን ይተዋታል፣ ሚስቱ ድንጋይ ላይ አልሸናችማ። የሚተላለፈው በግንኙነት ነው፣ በብልትም በአፍም በፊንጢጣም፣ ከእናት ወደ ሚወለድ ልጅም ያልፋል። በፎጣ፣ በሽንት ቤት መቀመጫ፣ አብሮ በመብላት የሚባለውን እርሱት።

ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ባለው ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ ሽንት ሲሸና ያቃጥላል፣ ነጭ ወይ ቢጫ ወይ አረንጓዴ የመሰለ መግል ይወጣል፣ ጠዋት ፓንቱ ላይ ያየዋል። ክላሚዲያ የሚባል ደሞ እንደ መንታ ወንድሙ የሆነ ሌላ ባክቴሪያ አለ፣ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ከአንድ እስከ ሶስት ሳምንት ይፈጅበታል፣ ፈሳሹም ቀጠን ያለ ውሃ መሳይ ነው፣ ብዙ ወንዶች ላይ ጭራሽ ምንም ምልክት አያሳይም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይይዛሉ፣ ለዚህ ነው ሐኪም ሲያክም ለሁለቱም አስቦ የሚያክመው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ ብቻ 82 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ እና 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ ኢንፌክሽን ተከስቷል። ብቻዬን ነኝ ብለህ ጥግ ይዘህ የምትጨነቀው ልጅ ይሄን እወቅልኝ።

ቁስል ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። የማያም አንድ ቁስል ብልት አካባቢ ከወጣ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ በሶስት ሳምንት ገደማ ነው የሚታየው፣ አደገኛነቱ ደሞ ሳይታከም ራሱ መጥፋቱ ነው፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል በሽታው ደም ውስጥ ገብቷል፣ ከሳምንታት በኋላ መዳፍና የእግር ውስጥ ላይ ሳይቀር ሽፍታ ሆኖ ይመጣል። የሚያም ቁስል ከሆነ ከርክር ሊሆን ይችላል፣ ብሽሽት ላይ ያበጠ ከሆነ ባምቡሌ የሚሉት ሊሆን ይችላል። ቁስል ያየ ሰው ክኒን አይፈልግ፣ በቀጥታ ሐኪም ይየው፣ የቆዳ ነገር ሲወሳሰብ ደሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ህክምና የታወቀ ስለሆነ እዛ የሚላክ ሰው ብዙ ነው።

የኔ በር፣ መድኃኒት ቤት

ጥሩ ጎኑን ልንገራችሁ መጀመሪያ። ፈጣን ነው፣ ስም አይመዘገብም፣ ካርድ የለ ወረፋ የለ። ሰው የሚወደንም ለዚህ ነው፣ አልፈርድም።

ግን እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ አላይህም፣ አልመረምርህም። የምትጠይቀኝ ደሞ ጓደኛህ የነገረህን ነው። ሲፕሮ ትላለህ፣ ሲፕሮ ለጨብጥ የሚታዘዝበት ጊዜ አልፏል፣ አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ተውት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መመሪያው ላይ የለም፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው ለምዶታል። ይሄ ጨብጥ የሚሉት ነገር እልኸኛ ነው፣ በ1930ዎቹ ሰልፋ ነበር የሚያድነው፣ ለመደው። ፔኒሲሊን መጣ፣ 1976 ላይ ፔኒሲሊኑን የሚሰባብር ኢንዛይም ያለው ዘር ተገኘ። ቴትራሳይክሊንም ሲፕሮም እንደዛው ሆኑ። አሁን ቀረን የሚባለው ዋናው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን ነው፣ እሱ ደሞ መርፌ ነው፣ በማዘዣ ነው፣ እኔ ባንኮኒ ላይ ልወጋህ አልችልም። እዚህም እዚያም ግማሽ ግማሽ ፀረ ተህዋሲ እየዋጥን ይሄንንም ካስለመድነው ቀጥሎ ምን እንደምንሰጥ ሳስበው ወላሂ ያስፈራኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ክኒኑ ጭራሽ ባይሰራ ይሻል ነበር፣ በከፊል ይሰራል። መግሉ ይቀንሳል ወይ ይቆማል፣ ባክቴሪያው ግን ውስጥ አለ። ኮምቦልቻ ባቲ ሚሌ መስመር የሚመላለስ አንድ ሹፌር ነበር፣ ከሌላ ቦታ ሲፕሮ ገዝቶ በሶስተኛው ቀን ፈሳሹ ቆሞለት ዳንኩ ብሎ ቤቱ ገባ። ወራት አልፎ ሚስቱ ሆዷን ከታች አሟት ትኩሳት ይዟት ማስታገሻ ልትገዛ እኔ ጋ መጣች፣ ህመሙ የት እንደሆነ በእጇ ስታሳየኝ ሆስፒታል ሂጂ አልኳት። ኢንፌክሽኑ ወደ ማህፀን ቱቦ ወጥቶ ነበር። እሱ ቆይቶ ራሱ ነው መጥቶ የነገረኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። የሱን ፊት እያስታወስኩ ነው ሲፕሮ ስጠኝ የሚለኝን ሁሉ እምቢ የምለው።

የባህል መድኃኒት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ስሩን ቅጠሉን የሚያውቁ ሰዎች ወሎ ውስጥ አሉ፣ እውቀታቸውን አከብራለሁ፣ ጨብጥን ግን የሚያፀዳ የተረጋገጠ ስር የለም፣ መጠኑ የማይታወቅ መራራ ነገር መጠጣት ደሞ ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ጠበሉን ዱዓውን ማንም አይከለክላችሁም፣ ከመርፌው ጋር አይጣሉም፣ ታክማችሁ ፀልዩ።

የግል ክሊኒክ

ቶሎ ትታያለህ፣ በር ተዘግቶ ታወራለህ፣ የደሴ ሰው ከሆንክ ኮምቦልቻ ወርደህ፣ የወልድያ ሰው ከሆንክ መርሳ ሄደህ ማንም ሳያውቅህ ልትታከም ትችላለህ። ለማፈር ጥሩ መላ ነው። ገንዘብ ግን ይፈልጋል፣ ሌላም ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ቦታ ሽንት ሰጥተህ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለብህ» ተብለህ ያው ሲፕሮ ታዞልህ ትወጣለህ፣ ማዘዣው ወደኔ ሲመጣ ነው የማየው። ተራ የሽንት ምርመራ መግል እንዳለ ያሳያል እንጂ ጨብጥ ነው አይልም። ስለዚህ ፈሳሽ ያለው ወንድ ከሆንክ አፍረህ «ሽንት ያቃጥለኛል» ብቻ አትበል፣ ፈሳሹንም ተናገር፣ «ፈሳሹን በግራም ስቴይን ታዩታላችሁ ወይ» ብለህ ጠይቅ። ከፈሳሹ ትንሽ በስላይድ ወስደው ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ማለት ነው፣ ፈሳሽ ላለው ወንድ በጣም ጥሩ ምርመራ ነው፣ ሴት ላይ ግን ግማሽ ያህሉን ያመልጠዋል፣ ስለዚህ ሴት ልጅ «በማይክሮስኮፕ የለብሽም» ስለተባለች ብቻ ነፃ ነኝ እንዳትል። ከሁሉም የተሻለ የሚይዘው የዘረመል ምርመራ ፒሲአር ነው፣ እሱ ደሞ እኛ አካባቢ ለጨብጥ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ጤና ጣቢያ

እኔ ወንድሜን የምልከው እዚህ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰራበት መንገድ በምልክት ማከም ይባላል፣ ማለትም ወንድ ልጅ ከብልቱ ፈሳሽ አለኝ ካለ አይተው አረጋግጠው የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ለጨብጥም ለክላሚዲያም የሚሆነውን በዛው ቀን ይሰጡታል። አንዳንዱ ሰው ሳይመረምሩኝ ሰጡኝ ብሎ ይቆጣል፣ አይደለም፣ መመሪያው ነው፣ ውጤት አምጣ ተብሎ የተላከ ሰው ላይመለስ ስለሚችል ተብሎ የተሰራ ነው። ካርዱ ርካሽ ነው፣ የጤና መድህን ያለው ሰው ደሞ በመታወቂያው ይታከማል። እግረ መንገዱን ኤችአይቪ ይመረመራል (ጨብጥ ያለበት ሰው ኤችአይቪ ለመያዝም ለማስተላለፍም ቀላል ነው)፣ የቂጥኝ ምርመራም ይጠይቅ፣ ኮንዶም በነፃ ይሰጠዋል።

ህክምናው ምን ይመስላል ካላችሁ አንድ ጊዜ የሚወጋ ሴፍትሪያክሶን ነው ዋናው፣ መጠኑ እንደ መመሪያው ይለያያል፣ ድሮ 250 ሚሊግራም ከአዚትሮማይሲን ጋር ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 ያወጣው ምክር ወደ 1 ግራም ከፍ አድርጎታል። ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ነው፣ እርጉዝ ከሆነች ዶክሲ አይሰጣትም አዚትሮማይሲን 1 ግራም በአንድ ጊዜ ትወስዳለች። ይሄን የፃፍኩት ራሳችሁ እንድትገዙ ሳይሆን የታዘዘላችሁን እንድታውቁት ነው። ዶክሲን በተመለከተ ግን እኔ ጋ ነው የምትገዙትና አንድ ነገር ስሙኝ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት፣ ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ፣ ማታ ጋደም ብሎ በምራቁ የዋጠ ሰው ጉሮሮውን ደረቱን አቃጥሎት ተመልሶ የመጣ አውቃለሁ። ከወተትና ከደም ማነስ ክኒን (አይረን) ጋር በአንድ ሰዓት አትውሰዱት፣ ፀሐይም ላይ ብዙ አትቁሙ። ሰባት ቀን ሲባል ሰባት ቀን ነው፣ በሶስተኛው ቀን ደህና ስለሆናችሁ የተረፈውን ለጓደኛ አትስጡ።

የጤና ጣቢያ ችግሩን አልደብቅም። ወረፋ አለ። መድኃኒት አልቋል የሚባልበት ቀን አለ፣ በ2014 ዓ.ም ጦርነት ጊዜ ወሎ ውስጥ ስንት ጤና ተቋም ተዘርፎ ወድሞ እንደነበር ሁላችንም ያየነው ነው፣ ሁሉም ቦታ እኩል አላገገመም። ትልቁ ግን ማፈር ነው፣ ከተማው ትንሽ ነው፣ ካርድ ክፍል የምትሰራዋ የአክስትህ ጎረቤት ናት። ለዚህ መላው ሌላ ቀበሌ ወይ ሌላ ከተማ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ ካርድ ክፍል ላይ ደሞ በሽታህን እንድትናገር አትገደድም፣ «መታየት ፈልጌ ነው» በቂ ነው፣ ዝርዝሩ ለሐኪሙ ነው። ደሴ ላለ ወጣት የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክም አለ፣ ስራቸው ይሄው ስለሆነ እዛ ማንም ቀና ብሎ አያይህም።

ስለዚህ ምርጫውን ባጭሩ ካላችሁኝ፣ ፈሳሽ ያለው ወንድ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ማፈር ከበለጠበት የግል ክሊኒክ ሄዶ ከላይ ያልኩትን ይጠይቅ፣ ከታከመ በኋላ በሶስት በአራት ቀን ካልተሻለው ክኒን ከመጨመር ተመልሶ እዛው ይታይ፣ መድኃኒቱን የለመደ ዘር ሊሆን ይችላል ወይ ተመልሶ ተይዟል። የወንድ የዘር ፍሬ ካበጠና ካመመ ግን ምርጫ የለም ሆስፒታል ነው፣ በተለይ በድንገት በኃይል ከጀመረ ፍሬው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ለሴቶች ለብቻ

እህቴ፣ እስካሁን የፃፍኩት አብዛኛው ስለ ወንድ ነው፣ ወንድ ምልክት ስለሚያሳይ። አንቺ ላይ ግን ጨብጥ ከግማሽ በላይ ምንም ሳያሳይ ይቀመጣል፣ ክላሚዲያ ደሞ አብዛኛዋን ሴት ጭራሽ አያማትም። ፈሳሽ ሁሉ ደሞ አባላዘር አይደለም፣ የሚያሳክክ እርጎ መሳይ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፣ ሽታ ያለው ግራጫ ፈሳሽ ሌላ ነገር ነው፣ ባልሽን ከመጠርጠርሽ በፊት ታዪ። የጤና ጣቢያው በምልክት የማከም መንገድ ለወንድ የሚሰራውን ያህል ለሴት አይሰራም፣ ያላመመሽን አያገኘውም፣ ስለዚህ ያንቺ ትልቁ ማስጠንቀቂያ የሱ ምልክት ነው። እሱ ከታከመ አንቺም መታከም አለብሽ፣ ባያምሽም።

ካልታከመ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦው ይወጣል፣ ከታች ሆድ ማመም፣ በግንኙነት ጊዜ ማመም፣ ትኩሳት ያመጣል። ቱቦው ጠባሳ ከያዘ ልጅ አለመውለድ ይመጣል፣ ወይ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ቱቦው ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ሲፈነዳ ሕይወት ያጠፋል። የወር አበባሽ ቀርቶ ባንድ ጎን በኃይል ካመመሽ ቡናው ይቆይ፣ ሆስፒታል ሂጂ። ወሎ ውስጥ ልጅ አልወለድሽም ተብላ የምትፈታው ሴት ናት፣ በሽታውን ከመንገድ ያመጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፣ ይሄ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል።

እርጉዝ ከሆንሽ የእርግዝና ክትትል ጀምሪ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ይታይልሻል፣ ጨብጥ ግን በዛ ውስጥ የለም፣ ምልክት ካለሽ ወይ ባልሽ ከታከመ ራስሽ ተናገሪ። ልጅ ጤና ተቋም ሲወለድ አይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረግለታል፣ አንዱ ምክንያት ይሄው ጨብጥ ነው። ቤት የተወለደ ልጅ ግን ይሄ ያመልጠዋል፣ በ2 እስከ 5 ቀኑ አይኑ አብጦ መግል ከያዘ የጡት ወተት ጠብ አድርጊበት የሚልሽን አትስሚ፣ በዛው ቀን ይዘሽው ሂጂ፣ የልጁ አይን ሊጠፋ ይችላል።

ተገዳ የተደፈረች ካለች ደሞ ይሄን አንብቡላት፣ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰራል፣ ለጨብጥና ለቂጥኝም አብሮ ይሰጣታል። ሆስፒታል ትሂድ፣ ከቻለች ሳትታጠብ፣ ታጥባም ከሆነ ግን ትሂድ።

ለሱ ወይ ለሷ እንዴት ይነገራል?

ከህክምናው ይልቅ ይሄ ይከብዳል። ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው ራስህ መንገር ነው፣ ሁለተኛው ጤና ጣቢያው ለአጋር የሚሰጠውን የመጥሪያ ወረቀት ይዘህ መሄድ፣ ሶስተኛው አብራችሁ መሄድ። እኔ ሶስተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ፊት ሲነገር ጭቅጭቁ ይቀንሳል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይወጋሉ ነገሩ ያልቃል። ወረቀቱ ጥሩነቱ የበሽታውን ስም ጮክ ብሎ መናገር ለከበደው ሰው መሆኑ ነው። ብቻህን የምትነግር ከሆነ ደሞ በስልክ አይሁን፣ «ኢንፌክሽን ተገኝቶብኛል፣ አንቺም ሳያምሽ ሊኖርብሽ ይችላል፣ ነገ አብረን እንሂድ» ይበቃል፣ ማን አመጣው የሚለው ከመርፌው በኋላ ይወራል። ብነግረው ይመታኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ብቻሽን አትንገሪው፣ ለነርሷ ንገሪያት መንገድ ትፈልግልሻለች። ባለፉት ሁለት ሶስት ወራት የነበሩ ሁሉ ይነገራቸው። ሁለታችሁም ታክማችሁ 7 ቀን እስኪሞላ ግንኙነት አይኖርም፣ ይሄን የጣሰ ሰው ነው በወሩ ተመልሶ መድኃኒቱ አልሰራም የሚለኝ። በሶስት ወር ደሞ ተመልሳችሁ ታዩ።

መከላከያውስ የቱ ይሻላል?

እዚህ ላይ ሰው በጣም ይደባልቃል። የሶስት ወር መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ክኒኑ፣ እነዚህ እርግዝና ብቻ ነው የሚከላከሉት፣ «መርፌ ላይ ነኝ አታስብ» ስትለው ስለ ልጅ እንጂ ስለ ጨብጥ አልነገረችውም። ቀድሞ ማውጣት (ውጭ ማፍሰስ) አይከላከልም። ከግንኙነት በኋላ በሳሙና መታጠብ፣ መሽናት አይከላከልም፣ በሎሚ ውስጥን መታጠብ ደሞ ጭራሽ ይጎዳል። መገረዝ ለኤችአይቪ ስጋት መቀነስ ይረዳል፣ ለጨብጥ ግን ጋሻ አይሆንም። ፕሬፕ የሚባለው ለተወሰኑ ሰዎች የሚሰጠው ክኒንም ለኤችአይቪ ብቻ ነው።

የሚከላከለው ሶስት ነገር ነው፣ ከግንኙነት መቆየት፣ ሁለቱም ተመርምረው አንድ ለአንድ መሆን፣ ኮንዶም። የቱን ልምረጥ የሚለው በኑሮህ ይወሰናል። ለማግባት የተቃረበ ሰው፣ ከኒካህ ወይ ከቁርባን በፊት የኤችአይቪ ውጤት ብዙ ቦታ ይጠየቃል፣ እዛ ላይ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ጨምሩበት፣ የመጨረሻ ግንኙነት ከነበረ ሶስት ወር ካልሞላው ደሞ ድገሙት። አንዱ ወገን አረብ አገር ቆይቶ ወይ ለሥራ ርቆ ከነበረና እንደገና ኑሮ ሲጀመር፣ መጠራጠር ሳይሆን አብሮ መመርመር እንደ መቀበያ ይሁን፣ ሁለታችሁም፣ የመጣው ብቻ አይደለም። «አንድ ለአንድ» ግን አንዱ ብቻ የሚጠብቀው ከሆነ አይሰራም፣ የሹፌሩ ሚስት ባሏን ብቻ ነበር የምታውቀው። መንገድ ላይ የሚኖር፣ ግቢ ያለ ተማሪ፣ ግንኙነቱ ገና ያልጠራ ሰው፣ ለነዚህ ኮንዶም ነው፣ ሌላ የለም።

ኮንዶም ሁሉን አይሸፍንም፣ ቁስሉ ኮንዶሙ ከማይደርስበት ቦታ ከሆነ ቂጥኝም ኸርፐስም (ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣው ቫይረስ) ኤችፒቪም (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ሊያልፍ ይችላል፣ በፈሳሽ ለሚተላለፉት ለጨብጥ ለክላሚዲያ ለኤችአይቪ ግን ካለን ሁሉ ጥሩው ነው። (ኤችፒቪ ክትባት ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ እየተሰጠ ስለሆነ ልጃችሁን አስከትቡ።) የሚበላሸው በአያያዝ ነው። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ ቅቤ አይነካውም፣ ላስቲኩን ያበሰብሰዋል። ሁለት አንድ ላይ መደረብ ይቀደዳል እንጂ አያጠነክርም። ቦርሳ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ፣ ባቲና ሚሌ ሙቀት ላይ ዳሽቦርድ ላይ የከረመ አይሁን፣ ሹፌሮች ይሄን ስሙኝ። ቀኑን እዩ፣ ፓኬቱን ጫን ስትሉት አየር ካለው ደህና ነው፣ በጥርስ አትቅደዱት፣ ጫፉን ቆንጥጣችሁ አየሩን አስወጡ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሁን። ሕይወት ትረስትም ሴንሴሽንም ቀኑ ካላለፈና በደንብ ከተያዘ ስራቸው አንድ ነው፣ በዋጋውና በመዓዛው አትጨነቁ፣ የጤና ጣቢያው ነፃውም ያው ኮንዶም ነው። የሴት ኮንዶምም አለ፣ እሷ ራሷ የምትወስንበት ስለሆነ ደስ ይለኝ ነበር፣ እኛ ጋ ግን እንደልብ አይገኝም።

ለኮንዶም ግን እኔ ጋ ኑ። ምንም መናገር አያስፈልጋችሁም፣ ሰው እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ማገላበጥም አያስፈልግም። ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጡ፣ በጣት አሳዩኝ፣ በጥቁር ፌስታል አድርጌ እሰጣችኋለሁ።